አትንቀሳቀስ፣ እየመጡ ነው

ለተራራ ተጓዦች የእባብ ንድፊያ የመጀመሪያ እርዳታ ሲያስተምር አሥር ዓመት የቆየው ሰው፣ ቅዳሜ ዕለት ራሱ በእባብ ተነድፎ ሞተ። ነገሩ ለወሬኛ የተመቸ ነበር። ገና ሳይቀበር «የዋና አስተማሪው ሰጠመ» እያሉ የሳቁ አልጠፉም። ሰው የራሱ ቀን እስኪደርስ ድረስ በሌላው ሞት መቀለድ አይሰለቸውም።

መርማሪዋ ግን አልሳቀችም። በመሥሪያ ቤቷ ስሟን የሚጠራት የለም፤ «ወይዘሮ ለምን» ነው የሚሏት። አለቃዋ ሰኞ ጠዋት ፋይሉን ጠረጴዛዋ ላይ ሲያስቀምጥ፣ እንዳትከፍተው እየለመናት ነበር ማለት ይቻላል።

«ያለቀ ነገር ነው» አላት። «እባብ ነደፈው፣ ሞተ። መንገድ መሪው ተጓዦቹን በየሰዓቱ በዓይኑ እያየ መመዝገብ ነበረበት። ሳያይ አየሁ ብሎ ጻፈ። ራሱም አምኗል፤ ታስሯል። ረቡዕ ዐቃቤ ሕግ ክስ ይመሠርታል። የአንቺ ፊርማ ብቻ ነው የቀረው።»

«ለምን ሳያይ አየሁ ብሎ ጻፈ?»

«ይኸው ጀመረች!» አለና አለቃዋ በሩን ዘግቶባት ወጣ።

ሬሳው በጤና ጣቢያው የኋላ ክፍል ተኝቷል። ሐኪሙ አንሶላውን ገለጠላት። የግራ እጁ ጀርባ ላይ ሁለት የጥርስ ቀዳዳዎች አሉ። ከዚያ በላይ ክንዱ አብጦና ጠቁሮ፣ እብጠቱ ትከሻውን አልፎ ደረቱ ድረስ ዘልቋል። ክንዱ ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ ሦስት መስመሮች ተሰምረዋል፤ አንዱ ከእጅ አንጓው በላይ፣ አንዱ መሃል ላይ፣ አንዱ ክርኑ ሥር። በየመስመሩ አጠገብ ሰዓት ተጽፏል፦ 5፡30፣ 5፡45፣ 6፡00።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«ትክክለኛ እርዳታ ነው» አለ ሐኪሙ። «እብጠቱ የደረሰበት ቦታ በየጊዜው ይሰመራል፣ ሰዓቱ ይጻፋል፤ እኛ ስንቀበለው መርዙ ምን ያህል እንደፈጠነ እናይበታለን። እጁም በእንጨት ተደግፎ ታስሮ ነበር። ፋሻውን ይዩት፤ እብጠቱ ሲጨምር እንዳያንቀው እየተፈታ ሁለት ጊዜ ላላ ተደርጎ እንደገና የታሰረ ነው፣ የድሮው ቋጠሮ ያጨማደደው አልለቀቀም። አልበጡትም፣ አልመጠጡትም፣ በገመድ አላነቁትም። ከተራራ የሚመጣልኝ ሁሉ እንዲህ ተረድቶ ቢመጣ እኔ ሥራ እፈታ ነበር።»

«ታዲያ ለምን ሞተ?»

ሐኪሙ መነጽሩን አውልቆ ጠረገ። «እኔም ያልገባኝ እሱ ነው። የነደፈው እፉኝት ነው፤ እፉኝት ደግሞ አይቸኩልም፣ ለሰው ጊዜ ይሰጣል። አምስት ተኩል ላይ ተነድፎ ስምንት ሰዓት ላይ መሞት... ይኼ እብጠት የሁለት ሰዓት ተኩል አይመስለኝም። ግን ሰው ከሰው ይለያያል፤ ማል ቢሉኝ አልምልም።»

«ቶሎ ቢደርስ ኖሮስ?»

«ማርከሻው መድኃኒት እዚሁ ማቀዝቀዣ ውስጥ ነበር» አለ፤ ሌላ አልጨመረም።

መርማሪዋ ጎንበስ ብላ መስመሮቹን አየች። ሦስቱም ወረቀት ላይ የተሰመሩ ይመስል ቀጭንና ጥርት ያሉ ናቸው። በራስጌው በኩል ቆማ ቁጥሮቹን ልታነብ ብትሞክር ተዘቀዘቁባት፤ ወደ ግርጌው ዞራ ስታያቸው ቀና አሉላት። ጣቶቹ አብጠው አንዱ ካንዱ ተጣብቀዋል። የትዳር ቀለበት ግን የለም፤ ቀለበት ያነቀው ምልክትም የለም።

«እናንተ ናችሁ ቀለበቱን ቆርጣችሁ ያወጣችሁት?»

«ሲመጣ ቀለበት አልነበረውም። የተረከብነው ዕቃ ይኸው ተመዝግቧል።»

ዝርዝሩን አነበበች፦ መነጽር አንድ፣ ከሸሚዝ ኪስ የወጣ የእጅ ሰዓት አንድ፣ ቀበቶ አንድ፣ በአንገቱ ላይ የተንጠለጠለ ፊሽካ አንድ። ሌላ ምንም የለም።

መንገድ መሪውን በፖሊስ ጣቢያው ማቆያ ክፍል አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ አገኘችው። ሠላሳ ዓመት አልሞላውም፤ ዘጠኙን ዓመት ተራራ ለተራራ ነው የኖረው። ከተፈረደበት መታሰሩ ብቻ አይደለም፣ የመሪነት ፈቃዱ ይነጠቃል። ሌላ ሥራ ደግሞ አያውቅም።

«ስንት ነበራችሁ?» አለችው።

«ከእኔ ጋር አምስት። ጋሼ አሠልጣኙ፣ ባለቤታቸው፣ ታናሽ ወንድማቸው ጫማ ሰሪው፣ እና የትምህርት ቤቷ ነርስ። ሁለት ሰዓት ላይ ማረፊያ ጎጆው ደረስን። ከዚያ እንደ ልማዳቸው ተበታተኑ። ጋሼ ወፍ ሊያዩ ወደ ዋሻው ወረዱ። ወንድምየው ጎጆው ውስጥ የተቀደደ ጫማ ይሰፉ ነበር። ነርሷ ምንጩ ጋ ጋደም አለች። እትዬ መጽሐፍ ይዘው ጥላ ፍለጋ ሄዱ። እኔ መንገድ የዘጋ ዛፍ ሳነሳ ነበር።»

«አራት ሰዓት ላይ ‹ሁሉም ታይተዋል› ብለህ ጽፈሃል። አምስት ሰዓት ላይም። አሠልጣኙን አይተሃቸዋል?»

«አላየኋቸውም።»

«ለምን ጻፍክ?»

«ሰው ነገረኝ። ‹አሁን እዚያ ነበርኩ፣ ደህና ነው፤ ወፎቹ እንዳይበሩ አትሂድ› ተባልኩ። እኔም አመንኩ። ዋሻው ከቆምኩበት ሃምሳ እርምጃ ቢሆን ነው።»

«ማነው የነገረህ?»

«ሐዘን ያለበት ሰው ላይ ጣቴን አልቀስርም። መጻፉ የእኔ ጥፋት ነው።»

«ሦስቱም እኮ ሐዘን አለባቸው!»

«አዎ» አለና አንገቱን ደፋ።

ወይዘሮ ለምን ተናደደች። ጨዋነት ደግ ነገር ነው፤ ያለቦታው ሲሆን ግን ባለቤቱን እስር ቤት ያስገባል። ቢሆንም አላስጨነቀችውም። «ፊሽካ ሲነፋ ሰምተሃል?» ብቻ አለችው።

«ቢነፋ ኖሮ የተራራው ጫፍ ላይ ሆኜም እሰማው ነበር። አልተነፋም።»

ነርሷን ያገኘቻት በትምህርት ቤቷ ክሊኒክ፣ የአንዲት ተማሪ የተላጠ ጉልበት ስታጥብ ነው። ልጅቱን ሸኝታ በሩን ዘጋች፤ ገና መናገር ስትጀምር ዓይኗ እንባ ሞላ።

«ያገኘኋቸው ስድስት ሰዓት ከሃያ ላይ ነው። ከምንጩ ወደ ጎጆው ስመለስ እትዬና ጫማ ሰሪው ቁጭ ብለዋል። እትዬ ‹ምሳ ደርሷል፣ ሄደሽ ጥሪልኝ› አሉኝ። ዋሻው አፍ ላይ በጀርባቸው ተኝተዋል። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ ግን የለም። እጃቸው ታስሯል፣ ተሰምሯል። ራሳቸው ያደረጉት ነው የመሰለኝ፤ እሳቸው እኮ ናቸው! በአንድ እጅ ማሰርን ስንቴ አሳይተውናል! ጮኼ መሪውን ጠራሁት፤ ስልክ ወደሚሠራበት ጉብታ እየሮጠ ወጣ። እንደ እሱ ሲሮጥ ያየሁት ሰው የለም። እኔን ከጠየቁኝ በዳይ አይደለም።»

«ሲያስተምሩ ምን ይሉ ነበር?»

ነርሷ እንደ ተማሪ ወረደችው። «በገመድ አትሰር፣ አትብጣ፣ አትምጠጥ። ቀለበትና ሰዓት ሳያብጥ አውልቅ። የተነደፈው አይንቀሳቀስ፤ የሚሮጠው ረዳቱ ነው። ይህን ሁሉ የሚያሳዩት በእትዬ ክንድ ነው። አሥር ዓመት ሙሉ፣ በየአዳራሹ፣ እባብ የሚነድፈው እትዬን ነበር» ስትል ፈገግ ልትል ሞከረች። «መጨረሻ ላይ ሁልጊዜ ስለ አንድ ልጅ ያወራሉ። እፉኝት ነድፎት፣ ደንግጦ በመሮጡ የሞተ። ‹እባቡ አይደለም የገደለው፣ የገዛ እግሩ ነው› ይላሉ። እኔ በየጊዜው አለቅስ ነበር።»

«ልጁ የማን ነበር?»

«እንጃ። ስሙን አያነሱትም።»

ጫማ ሰሪው በበኩሉ አፉ ውስጥ ሚስማር ይዞ ነው የተቀበላት። አንድ በአንድ እያወጣ፣ አንድ በአንድ እየመታ ተናገረ።

«ያ ዋልጌ ነው ወንድሜን የገደለው! በየሰዓቱ እይ ተባለ፣ አላየም። ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ?»

«ከሦስት እስከ ስድስት ጎጆው የመጣ ሰው ነበር?»

«ማንም። ስድስት ሰዓት ካለፈ በኋላ እቴ፣ የወንድሜ ሚስት፣ መጣች። እጇን ታጠበች፣ ውሃ ጠጣች፣ ተቀመጠች።»

«ምን አለች?»

«ምን ትላለች? እሷ ድሮም ዝምተኛ ናት።»

«በእፉኝት ተነድፎ ስለሞተው ልጅ ንገረኝ እስቲ።»

መዶሻው ሚስማሩን ስቶ አውራ ጣቱን መታው። ጣቱን አፉ ውስጥ ከቶ ቆየ። «እሱን ሆድ ይፍጀው» አለ በመጨረሻ። «አንዴ ተናግሬ ምን አተረፍኩ?»

«ለማን ነው የተናገርከው?»

መዶሻውን አንሥቶ ከሚገባው በላይ እያስጮኸ መምታት ጀመረ።

የሟቹ ሚስት ሳሎን ውስጥ ወንበሮች ግድግዳውን ተከትለው ተደርድረዋል፤ የሚያጽናኑ ጎረቤቶች መርማሪዋን ሲያዩ ወደ ጓዳ ገለል አሉ። ሴትዮዋ ስድሳ ሊሞላት የተቃረበች፣ አለባበሷ ንጹሕ፣ አነጋገሯ የተቆጠበ ናት።

«ጥላ ሥር እያነበብኩ ነበር» አለች። «የሰማሁት ነገር የለም። ረፍዶ ወደ ጎጆው ተመለስኩ።»

ግድግዳው ላይ አሥራ ሰባት ዓመት የሚሆነው ጎረምሳ ፎቶ ተሰቅሏል፤ ጆሮው እንደ ሟቹ ወደ ውጭ የወጣ።

«ልጅዎ ነው?»

«ነበር።»

በአውራ ጣቷ ላይ የወንድ የትዳር ቀለበት አድርጋለች። መርማሪዋ አየችው። «የእሳቸው ነው?»

«አዎ። ሌላው ጣቴ ላይ አልረጋ ስላለኝ ነው። ጤና ጣቢያው ከዕቃው ጋር የሰጠኝ ነው።»

«ላየው ይፈቅዱልኛል?»

ሴትዮዋ አውልቃ ሰጠቻት። ቀለበቱ አልተቆረጠም፣ አልተጫረም። መርማሪዋ አመስግና መለሰችላት፤ ያን ዕለት ሌላ ጥያቄ አልጠየቀችም።

ማክሰኞ፣ ቀብሩ እንዳበቃ፣ ሟቹ ያስተምርበት በነበረው አዳራሽ ሰበሰበቻቸው። ግድግዳው ላይ የእባቦች ሥዕል፣ ጠረጴዛው ላይ ለማስተማሪያ የሚያገለግል የጎማ እባብ አለ። ነርሷ እንዳታየው ፊቷን አዞረች፤ እባብ ያየ በልጥ በረየ እንዲሉ። ጫማ ሰሪው ከበሩ አጠገብ ተቀመጠ። ሚስትየው እንደ ልማዷ ፊተኛው ወንበር ላይ ነች። መንገድ መሪው በፖሊስ ታጅቦ ገባ። አለቃዋም ሰዓቱን እያየ ከኋላ ቆመ።

«እባቡን እዚያ ያስቀመጠው ማንም የለም» ብላ ጀመረች። «እሱ የራሱን ሥራ ነው የሠራው። እኔ የምፈልገው የሰውን ሥራ ነው።»

ከቦርሳዋ ፊኛ አወጣች። ሳይነፋ በእስክሪብቶ አሰመረችበትና ነፋችው፤ መስመሩ ሰፍቶ፣ ተበታትኖ ደበዘዘ። ከዚያ በተነፋው ላይ ሌላ መስመር አሰመረች። እሱ ቀጭንና ጥርት ያለ ሆነ።

«በሟቹ ክንድ ላይ ያሉት ሦስቱም መስመሮች እንደዚህኛው ናቸው። የመጀመሪያው በእርግጥ አምስት ተኩል ላይ ተሰምሮ ቢሆን፣ ክንዱ ከዚያ በኋላ ሲያብጥ አብሮ መስፋት ነበረበት። ስለዚህ ሦስቱም የተሰመሩት በአንድ ጊዜ፣ ክንዱ ካበጠ በኋላ ነው። ሰዓቶቹ ውሸት ናቸው። ሐኪሙም እብጠቱ የሁለት ሰዓት ተኩል አይመስልም ብሏል። አሠልጣኙ የተነደፉት ከዚያ በጣም ቀደም ብሎ ነው።»

«ራሱ ተሳስቶ ይሆናል» አለ ጫማ ሰሪው። «መርዝ እኮ ያዞራል።»

«በምን ጻፉት? እስክሪብቶ አልተገኘባቸውም። ቁጥሮቹም ለእሳቸው የተዘቀዘቁ ናቸው፤ ፊት ለፊታቸው የተቀመጠ ሰው ነው የጻፈው። ፋሻው ደግሞ ሁለት ጊዜ ተፈትቶ፣ ላላ ተደርጎ ታስሯል። በሌላ አነጋገር፣ አንድ ሰው አጠገባቸው ረጅም ጊዜ ተቀምጦ፣ እጃቸውን በሥርዓት እየተንከባከበ ነበር። እየተንከባከበ፣ ሰው ግን ሳይጠራ።»

ፊኛውን ጠረጴዛው ላይ፣ ከጎማው እባብ አጠገብ አስቀመጠች።

«ባለቤቱ ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳም ይባላል። ፊሽካ አንገታቸው ላይ ነበር፣ ቀኝ እጃቸው ደህና ነበር። ለምን አልነፉም? ‹አትንቀሳቀስ፣ እየመጡ ነው› ስለተባሉ ነው። እሳቸው ደግሞ የተነደፈ ሰው ጸጥ ብሎ ይተኛ እያሉ አሥር ዓመት ያስተማሩ ናቸው። ያስተማሩትን አክብረው ተኙ። ሌላ ማንም ሰው ቢሆን ይጮህ ነበር፤ እሳቸው ግን ጎበዝ ታማሚ ሆነው ሞቱ።»

«ማነው እሱ?» አለች ነርሷ በቀጭን ድምፅ።

«የእጅ ሰዓታቸው ሸሚዝ ኪሳቸው ውስጥ ተገኘ፤ ቀለበታቸው ግን አልነበረም። ካበጠ ጣት ቀለበት የሚወጣው ተቆርጦ ነው። እኔ ያየሁት ቀለበት አልተቆረጠም። ስለዚህ ጣቱ ሳያብጥ፣ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ወጥቷል። በጤና ጣቢያው ዝርዝር ላይ የለም፤ ከዚያ ተቀበልኩት ያለ ሰው ዋሽቷል። ቀለበቱን የያዘ ሰው፣ እፉኝቱ ሲነድፍ እዚያው ነበር።»

ሁሉም የሚስትየውን አውራ ጣት አዩ። እጇን አልደበቀችም።

«ሦስት ሰዓት ላይ ነው» አለች፤ ዋጋ የተጠየቀች ያህል ረጋ ብላ። «ድንጋይ ተደግፎ ሲወጣ ነደፈው። ቀለበቱን አወለቅሁ፣ ሰዓቱን አወለቅሁ፣ አሰርኩለት። እስክሪብቶ ምንጊዜም መጽሐፌ ውስጥ ነው። ‹ሂጂ ለመሪው ንገሪው› አለኝ። ሄድኩ። እግሬ ግን መንገድ ላይ ቆመ። ተመልሼ ‹ነገርኩት፣ እየመጡ ነው› አልኩት። አራት ሰዓት ላይ ‹ምነው ቆዩ?› ሲለኝ እንደገና ወጣሁ። ይህን ልጅ አገኘሁትና ወፍ እያየ ነው አልኩት። አምስት ላይም እንደዚያው።»

መንገድ መሪው ቀና አላለም።

«ለምን?» አለች መርማሪዋ። በየቀኑ የምትለው ቃል ነው፤ ያን ቀን ግን ከበዳት።

«ልጄ ሮጦ ሞተ ብሎ አሥራ አንድ ዓመት አሳመነኝ። በየአዳራሹ ክንዴን ይዞ ሲያወራ፣ እኔ የምቆጣው በልጄ ነበር። ‹ምነው ባትሮጥ፣ የኔ ሞኝ› እያልኩ። ባለፈው ወር ይኼ» ወደ ጫማ ሰሪው ዞረች፣ «አብሯቸው የነበረው፣ አምልጦት ነገረኝ። ልጄ አልሮጠም። ‹አባዬ፣ ትንሽ ልቀመጥ› ብሎ ለምኗል። አባቱ ያኔ እንግዶች እየመራ ነበር። ‹ሰው ፊት አታሳፍረኝ፣ ወንድ አይደለህም? ተነሥተህ ሂድ› ብሎ ሦስት ሰዓት ሙሉ በእግሩ አስኬደው። ያንን ደብቆ፣ ጥፋቱን ለልጁ ሰጥቶ፣ በየአዳራሹ አጨበጨቡለት።»

«አስምሎኝ ነበር» አለ ጫማ ሰሪው እያለቀሰ። «እኔ ምን ላድርግ? ወንድሜ ነው፣ አስማለኝ።» የሚያየው አልነበረም።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም፤ ይህ ሁሉም የሚያውቀው ነው። ሳያውቁት ለአሥራ አንድ ዓመት የወጋቸውን እጅ ሲያስታምሙ መኖር ግን እንዴት ያለ ነገር እንደሆነ፣ መርማሪዋ መገመት አልፈለገችም።

«እሳቸው አወቁ?» አለች።

«ስድስት ሰዓት ሊሆን ሲል ነገርኩት። ማንም እንዳልተጠራ፣ ለምን እንደሆነም። ፊሽካው ደረቱ ላይ ነበር። አየኝ፣ ብዙ አየኝ። ከዚያ ዓይኑን ጨፈነ። መስመሮቹን ሳሰምር ክንዱን አቀናልኝ።»

ነርሷ አፏን በሁለት እጇ ያዘች።

«ውሸት ሰዓት የጻፉትስ?»

«ፈርቼ ነው። ሌላ ምን እላለሁ።»

«ይህ ልጅስ?» መርማሪዋ ድምፅዋ እንደተለወጠ ራሷም ሰማች። «ይህ ልጅ ምን ይሁን ብለው ነው? ሦስት ቀን ታስሮ ስምዎን አልጠራም። ነገ ሊከሰስ ነበር። እሱም እኮ የሰው ልጅ ነው፣ እሱም እናት አለችው!»

ሴትዮዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኗን ወደ መሬት ጣለች። «እሱን አላሰብኩትም» አለች። ፖሊሱ ሲያስነሣት ቀለበቱን ከአውራ ጣቷ አውልቃ ወንበሩ ላይ አስቀመጠች፤ ማንም አላነሣውም።

ሰዎቹ ወጥተው ሲያልቁ አለቃዋ የመሪነት ፈቃዱን ከፋይሉ አውጥቶ ለመርማሪዋ አቀበላት። «አንቺው ስጪው» አላት፤ በእሱ ቤት ምስጋና መሆኑ ነው።

መንገድ መሪው ፈቃዱን ተቀበለ፤ ፎቶውን ሲያይ ቆየ።

«አንድ ነገር ልጠይቅዎት» አለ። «አራት ሰዓት ላይ እነዚያን ሃምሳ እርምጃዎች ሄጄ ቢሆን ኖሮ፣ ጋሼ ይድኑ ነበር?»

አይድኑም ማለት ትችል ነበር። ምላሷ ላይ ደርሷል፤ ደግ ሰው ሁሉ የሚለው ነው። ግን ሰውየውን የገደለው እንዲህ ያለ የሚያጽናና ውሸት አልነበረም?

«ይድኑ ነበር» አለችው።

ራሱን ነቀነቀ። ፈቃዱን ጠረጴዛው ላይ መልሶ አስቀመጠና በሩን ቀስ ብሎ ዘግቶ ወጣ።